ባሌ ሄዳችሁ ቀይ ቀበሮ ሳታዩ እንዳትመለሱ፦ ከዲንሾ እስከ ሀረና ደረጃ በደረጃ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደርሶ "ብርድ ብቻ ነው፣ ምንም አላየንም" ብሎ የሚመለስ ሰው በጣም በዝቷል። የብዙዎቹን አካሄድ ስትጠይቁ አንድ አይነት ነው። ከአዲስ አበባ ረፍዶ መነሳት፣ ሮቤ በጨለማ መግባት፣ በማግስቱ ቁርስ ተበልቶ ቡና ተጠጥቶ ሳነቲ የሚባለው የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ ላይ እኩለ ቀን መድረስ፣ እዛ ራስ ምታት፣ ጭጋግ፣ አንድ ሁለት ሴልፊ፣ መመለስ። በዚህ አካሄድ ቀበሮ ካያችሁ እድለኛ ናችሁ ማለት ነው።

ባሌ ላይ ሁሉንም ነገር የሚወስኑት ሰዓትና ከፍታ ናቸው። መጀመሪያ ዝቅ ያለው ቦታ (ዲንሾና ጎባ) ታድራላችሁ፣ ከዛ በማለዳ ከፍ ወዳለው (ሳነቲ) ትወጣላችሁ፣ ከዛ በሌላኛው በኩል ወደ ሀረና ጫካ ትወርዳላችሁ። ቅደም ተከተሉን ካልገለበጣችሁት አራት ቀን ይበቃል፣ የሶፍ ዑመር ዋሻ ከተጨመረ አምስት። እዚህ የምጠቅሰው ሰዓት በሙሉ የኛ አቆጣጠር ነው።

1. ወቅቱን ምረጡ

ከህዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ የሳነቲ መንገድ ደረቅ ነው፣ ቀበሮውም ከሩቅ ይታያል። በክረምት ሐምሌና ነሐሴ መሄድ ይቻላል ግን ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል፣ ከጎባ በላይ ያለው መንገድም ጭቃ ነው። በልጉ ከመጋቢት ጀምሮ ይገባል፣ ስለዚ "ክረምት አይደለም እኮ" ብላችሁ ሚያዝያ ላይ ብትሄዱ ዝናብ ሊቀበላችሁ ይችላል። ባሌ ሁለት የዝናብ ወቅት ነው ያለው፣ በአዲስ አበባ ሰማይ አትለኩት።

ታህሳስና ጥር ላይ ሌሊቱ ሳነቲ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኙት። ይሄ ችግር አይደለም፣ ልብስ ከያዛችሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት የመንገዱን የሰሞኑን ሁኔታ አጣሩ። ኢንተርኔት ላይ ካነበባችሁት ይልቅ በሳምንቱ ውስጥ ወደ ሮቤ የተመላለሰ ሾፌር የሚነግራችሁ ይሻላል። የፀጥታ ችግር አለ ካሏችሁ ቀኑን አሸጋግሩት፣ ቀበሮው የትም አይሄድም።

2. ዝግጅት (ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው)

ልብስ፦ አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ ይዞ መሄድ ስህተት ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ተነስታችሁ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ። ተደራራቢ ያዙ። ከስር ቲሸርት፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዛ ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ስካርፍ፣ ቢያንስ ሶስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሸበጥና ነጭ ስኒከር ለሆቴል ብቻ።

ፀሐዩን አትናቁት። ብርድ ስለሆነ አይታወቃችሁም እንጂ 4,000 ሜትር ላይ ያለው ፀሐይ ፊት ይልጣል። የፀሐይ ክሬም፣ የከንፈር ቅባት፣ ባርኔጣና መነፅር ያዙ። ህፃናት ካሉ ደግሞ በደንብ ቀቧቸው።

መድሃኒት፦ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ፣ የቁስል ፕላስተር፣ የምትወስዱት ቋሚ መድሃኒት ካለ ለሁለት ተጨማሪ ቀን የሚሆን። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ ሳነቲ እንዳይወጡ።

ገንዘብ፦ ካሽ ያዙ። ሮቤና ጎባ ባንክም ኤቲኤምም አለ፣ ቴሌብርም ይሰራል፣ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም ይቆማል። ለአስጎብኚ፣ ለፈረስ፣ ለማር፣ ለመንገድ ዳር ሻይ የሚሆን ዝርዝር ብር ለብቻ አስቀምጡ።

መታወቂያ፦ ሁላችሁም ያዙ። የፓርክ መግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ነው። ከውጭ የመጣችሁ ደግሞ ቢጫ ካርዱንም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ፓስፖርቱንም ያዙና ክፍያው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የትኛው ተመን እንደሚመለከታችሁ ጠይቁ።

ስልክ፦ ካርታውን ቤት ሆናችሁ ዳውንሎድ አድርጉ። ሳነቲ ላይ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፣ ሀረና ጫካ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ቦታ የለም። ብርድ ባትሪ ይበላል፣ ስለዚ ስልኩን በውስጥ ኪስ ያዙ፣ ፓወር ባንክ አትርሱ።

ቢኖኩላር ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ከሌላችሁ ተዋሱ። ከጥሩ ካሜራ የበለጠ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

የመኪና ጉዳይ

እስከ ጎባ አስፋልት ስለሆነ ማንኛውም መኪና ይደርሳል። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቲና ሀረና ግን ጠጠርና ድንጋይ ነው፣ በተለይ ወደ ሀረና የሚወርደው ጠመዝማዛ ዳገት ለዝቅተኛ አውቶሞቢል አይሆንም። ላንድክሩዘር ወይም ከፍ ያለ ፎር ዊል ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሌላችሁ ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ከነሾፌሩ ተከራዩ። ከመነሳታችሁ በፊት ስኮርት ጎማው አየር እንዳለው፣ ክሪኩ እንደሚሰራ፣ ፍሬኑ እንደታየ አረጋግጡ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ በሱ ለመሄድ አትሞክሩ፣ ዳገቱም ብርዱም ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ ቻርጅ ማድረጊያ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ ደግሞ ቁማር ነው።

3. ሰውነታችሁን ለከፍታ አዘጋጁ

"እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ነን፣ ከፍታ ለምደናል" የሚል ሰው አይጠፋም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዲንሾ 3,000ን ያልፋል፣ ሳነቲ ከ4,000 በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ሜትር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፣ አየሩ ይሳሳል፣ ጥቂት እርምጃ ፈጠን ብላችሁ ስትራመዱ ልባችሁ ይመታል። ከዱባይ፣ ከጅዳ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዲሲ የመጣችሁ ደግሞ ከባህር ወለል ነው የተነሳችሁት፣ ስለዚ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በማግስቱ ባሌ አትሂዱ፣ ሁለት ሶስት ቀን አዲስ አበባ ቆዩ።

ከመነሳታችሁ ማታ ጀምሮ ውሃ በደንብ ጠጡ። ሳነቲ ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ መጠጥ አትጠጡ፣ ይሄን ምክር ሰው አይወደውም ግን ጠዋት ራስ ምታቱ የከፍታ ይሁን የቢራ መለየት አይቻልም።

4. ቀን አንድ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዲንሾ

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአዳማ፣ አሰላ፣ በቆጂ፣ አሳሳ፣ ዶዶላ ነው። ሌላው በሞጆ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ፣ ኮፈሌ ዞሮ ዶዶላ ላይ ይገናኛል። ከዶዶላ በኋላ አዳባ፣ ከዛ ዲንሾ። በየትኛውም ብትሄዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በግል መኪና ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ያዙለት። የኔ ምርጫ የአሰላው ነው፣ የአርሲን የስንዴ ማሳ እያያችሁ ነው የምትሄዱት፣ በቆጂም ምሳ ባይሆን ሻይ ይጠጣል።

1. ከለሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። 12 ሰዓት ላይ ከከተማ ካልወጣችሁ ቀኑ ተበላሸ በሉ።
2. አሰላ ላይ ቁርስ ብሉ፣ ነዳጅ ሙሉ። ነዳጅ ባያችሁበት መሙላትን ልማድ አድርጉት፣ "ፊት ላይ እንሞላለን" ብላችሁ አትለፉ፣ ማደያ አለ ማለት ነዳጅ አለ ማለት አይደለም።
3. ከበቆጂ በኋላ ቀስ በሉ። ጋሪ፣ ፈረስ፣ ከብት፣ በአጨዳ ወቅት ደግሞ የመንገዱን ግማሽ የሚይዝ ኮምባይነር ይገጥማችኋል። ኮምባይነሩን ለመቅደም አትጣደፉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቦታ ሲያገኝ ጥግ ይይዝላችኋል።
4. ዶዶላ ወይም አዳባ ላይ ምሳ። ከዚህ በኋላ እስከ ሮቤ ደህና ምግብ ቤት ላታገኙ ትችላላችሁ።
5. ዲንሾ ከ9 ሰዓት በፊት ግቡ።

ዲንሾ ልትደርሱ ስትሉ ጋይሳይ የሚባለው ሜዳ ላይ መንገዱ ፓርኩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ፍጥነት ቀንሱና ግራ ቀኝ እዩ። ደጋ አጋዘኑ ከአስፋልቱ ዳር ሳር ሲበላ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ከርከሮም እንዲሁ። መኪና ማቆም ካስፈለገ ሙሉ በሙሉ ከአስፋልቱ ውጡ፣ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ አይጠብቃችሁም።

በአውቶቡስ ለምትሄዱ፦ የሮቤ ወይም የጎባ መኪና ያዙና ዲንሾ ውረዱ፣ ለረዳቱ ስትሳፈሩ ንገሩት፣ ከዛ አዳባን ስታልፉ ድጋሚ አስታውሱት። ትኬት በፊተኛው ቀን ቁረጡ፣ ከየትኛው መናኸሪያ እንደሚነሳም በዛው አረጋግጡ። የአየር መንገድ በረራ ወደ ሮቤ አለ፣ በየቀኑ ላይሆን ስለሚችል ቀኑን አይታችሁ ነው ሌላውን ማቀድ።

ከመሸባችሁስ? ዶዶላ ወይም አዳባ እደሩ። ከአዳባ በኋላ በማታ መንዳት አይመከርም፣ ጭጋግ አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት መንገድ ላይ ነው። አንድ ማታ ዶዶላ ማደር ምንም አያጎድልባችሁም፣ በማግስቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ ዲንሾ በጠዋት ትደርሳላችሁ።

5. ዲንሾ ላይ መጨረስ ያለባችሁ

የፓርኩ ዋና ፅህፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ በቀጥታ ጎባ ይሄድና ሳነቲ ኬላ ላይ ደረሰኝ ሲጠየቅ ይጨቃጨቃል። እዚህ ጨርሱት።

መጀመሪያ መግቢያውን ክፈሉ፣ የሁሉንም ቀን፣ የመኪናውንም፣ ድንኳን ካላችሁ የካምፒንጉንም አንድ ላይ። ደረሰኙን ፎቶ አንሱና ወረቀቱን መኪና ውስጥ አስቀምጡ። ቀጥሎ አስጎብኚ ያዙ። የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ ቀበሮዎቹ በዛ ሰሞን የት አካባቢ እንደሚውሉ ያውቃሉ፣ ያለነሱ ብትሄዱ ሳነቲን የሚያህል ሜዳ ላይ ዝም ብላችሁ ነው የምትንከራተቱት። ዋጋውን፣ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ምግቡና ማደሪያው የማን እንደሆነ በግልፅ ተነጋገሩ፣ ቁርጥ ሳታደርጉ አትነሱ።

ዛሬ ብርሃን ካለ ከፅህፈት ቤቱ ጀርባ ያለውን የጥድና የኮሶ ጫካ በእግር ዞሩ። አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል፣ ደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ እዚህ በቅርብ ታያላችሁ፣ ሰው ስለለመዱ ቶሎ አይሸሹም። ይሄ የእግር ጉዞ ሌላም ጥቅም አለው፣ ሰውነታችሁ ከፍታውን የሚለምደው በዚህ ነው። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ማውራት እስኪያቅታችሁ አትፍጠኑ።

ማደሪያ ፓርኩ ውስጥ ሎጅ አለ፣ ካምፒንግ ቦታም አለ። ሎጁ ቀላል ነው፣ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ አጣሩ። ከሞላ ሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ ሆቴልም ፔንሲዮንም ሞልቷል። አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ሙቅ ውሃውን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስም በጊዜ ጠይቁ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ የሚሰጣችሁ አይኖርም።

6. ቀን ሁለት፦ ጠዋት ዲንሾ፣ ማታ ጎባ

ይሄን ቀን ሰው ይቆርጠዋል፣ "ቀጥታ ሳነቲ እንውጣ" ይላል። አትቁረጡት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በእግር ወይም በፈረስ ውጡ። ጊዜውና አቅሙ ካላችሁ ደግሞ ወደ ዌብ ሸለቆ መሄድ ይቻላል፣ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ እዛ ነው፣ ቀይ ቀበሮም አለ፣ ግን መንገዱ ድንጋያማ ነውና ቀኑን ሙሉ ስጡት። ፈረስ የምትከራዩ ከሆነ ኮርቻውና መወጠሪያው ጠበቅ ማለቱን እዩ፣ ፈረስ የማያውቅ ሰው ብቻውን እንዳይሄድ ባለቤቱ ይጎትትለት።

ከሰዓት በኋላ በሮቤ በኩል ጎባ ግቡ። ሮቤ ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ለነገው ዳቦ፣ ውሃ፣ ሙዝ፣ ቴምር ወይም ኦቾሎኒ ግዙ። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከፍታው 2,700 ገደማ። ለማደር የምመርጠው ጎባን ነው፣ ነገ ጠዋት የምትቆጥቡት ግማሽ ሰዓት ትልቅ ዋጋ አለው።

ማታ ምግብ ላይ ጥሬ ስጋ ይቅርባችሁ፣ ሆድ ከተበላሸ ነገ ሳነቲ ላይ መፀዳጃ ቤት የለም። ትኩስ ነገር ብሉ፣ ሾርባ፣ ገንፎ፣ ጨጨብሳ በማር። ረመዳን ከሆነ ቀን ላይ ብዙ ቤት ዝግ ስለሆነ ምግባችሁን ቀድማችሁ ያዙ፣ የሚፆም ሰው ፊትም መንገድ ላይ አትብሉ።

7. ቀን ሶስት፦ ሳነቲ

ለሊት 11 ተኩል ከጎባ ተነሱ። ሆቴሉ በዛ ሰዓት ቁርስ ስለማይሰራ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ማታውኑ አስሞሉ።

ሀ. አወጣጥ። ከጎባ ስትወጡ መጀመሪያ ጥድና ኮሶ፣ ከዛ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው፣ ከዛ በድንገት ዛፉ ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። ጅብራ የሚባለውን ረጅም የደጋ ተክል ስታዩ ደርሳችኋል። ዳገቱ ላይ መኪናው ጉልበት ቢያጣ አትደንግጡ፣ አየሩ ስለሳሳ ሞተሩም እንደናንተ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ማርሽ ቀንሱና ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የሙቀት መለኪያውን ግን እያያችሁ።

ለ. ፍለጋ። ቀበሮው የሚያድነው ቀን ላይ ነው፣ ምግቡ ደግሞ አይጥና ፍልፈል ነው። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ትንሽ ስታሞቀው አይጦቹ ከጉድጓድ ይወጣሉ፣ እነሱ ሲወጡ ቀበሮው ይመጣል። ስለዚ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፣ ከዛ ጭጋጉ ወይም ንፋሱ ይመጣል። ከሰዓት 9 እስከ 11ም ጥሩ ነው።

እንደዚ አድርጉ። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ንዱ። ፍልፈሉ የቆፈረው ትኩስ አፈር የበዛበት ቦታ ስታገኙ ከመንገድ ሳትወጡ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ መስኮት ዝቅ አድርጉና ሩብ ሰዓት ዝም በሉ። በቢኖኩላር ቀስ ብላችሁ ሜዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ጥረጉት። ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ ከታየ መጮህ የለም፣ በር መዝጋትም የለም። ቀበሮው እያደነ ከሆነ ራሱ ወደናንተ ሊቀርብ ይችላል፣ ብትከተሉት ግን ይሄዳል፣ አደኑም ይበላሽበታል።

ይሄን ነገር በጣም አጥብቄ ነው የምላችሁ፦ በአለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ምግብ አትወርውሩላቸው። ውሻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር በተደጋጋሚ ጨርሷቸዋል። ከመንገድ በመኪና አትውጡ፣ ጉድጓዱ ይደረመሳል፣ ጎማው የነካው ተክል ደግሞ በዛ ብርድ ለመመለስ አመታት ይፈልጋል።

ሐ. ቱሉ ዲምቱ። መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ነው። ውጡ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ፣ ውረዱ። እዛ ላይ መሮጥ፣ መዝለል፣ ጭፈራ ምናምን አያስፈልግም። ንፋሱ በር ሊገነጥል ስለሚችል መኪናውን ፊቱን ወደ ንፋሱ አድርጋችሁ አቁሙ።

ሰው ከታመመ። ቀላል ራስ ምታት፣ ትንሽ ማዞር፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት የተለመደ ነው፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይረፍ፣ ፓራሲታሞል ይውሰድ። ካልተሻለው ወይም ካስመለሰው ወዲያው ወደ ታች። "ቀበሮውን እንይና" የለም። ቆሞ የሚንገዳገድ፣ ነገር የሚምታታበት፣ ተቀምጦ እንኳን ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ይሄ አደገኛ ነው፣ በዛው ደቂቃ ውረዱና ጎባ ሆስፒታል ውሰዱት። መድሃኒቱ መውረድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

ጭጋግ ከዋጣችሁ። ቁሙ፣ የአደጋ መብራት አብሩ፣ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገለጣል። ከመኪና ርቃችሁ ፎቶ ለማንሳት አትሂዱ፣ ሜዳው ሁሉ አንድ አይነት ስለሆነ መመለሻው ይጠፋችኋል።

ቀበሮ ካጣችሁ። እስከ 4 ሰዓት ካልታየ ተስፋ አትቁረጡ፣ ወደ ሀረና ውረዱና ስትመለሱ 10 ሰዓት አካባቢ ድጋሚ ሞክሩ። እስከዛ ኩሬዎቹ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያላትን ዝይ ፈልጉ፣ እሷም የኛው ሀገር ደጋ ብቻ ናት።

8. ወደ ሀረና መውረድ

ከሳነቲ ደቡብ ጫፍ መንገዱ በጠመዝማዛ ይወርዳል፣ በአጭር ርቀት ከ4,000 ሜትር ወደ ጫካ ትገባላችሁ። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ይውረድ፣ ፍሬን ላይ ተደግፎ ከወረደ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዛ አይዝም። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ጥግ ይዛችሁ ቁሙና እስኪበርድ ጠብቁ፣ ጎማው ላይ ውሃ አትድፉ። ከታች የሚወጣ ጭነት መኪና ቅድሚያ አለው።

ሪራ የምትባለው ቀበሌ ላይ እረፍት አድርጉ። ሻይ ይገኛል፣ ማር ይገኛል። ማር ስትገዙ ቅመሱ፣ የሚዘጋ ጀሪካን ከቤት ይዛችሁ ብትመጡ ይሻላል፣ መኪና ውስጥ የፈሰሰ ማር ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገኝም። ከሪራ አካባቢ የቀርከሃ ጫካ አለ፣ የባሌ ጦጣ የሚኖረው እዛ ነው፣ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ነው። ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ግቡ። ወደታች በቀጠላችሁ ቁጥር ጫካው እየጠቆረ ይሄዳል፣ ጉሬዛ ከላይ ታያላችሁ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የጫካ ቡና ይጀምራል። አንበሳም አለ፣ ስለዚ ብቻችሁን በእግር ጫካ ውስጥ አትግቡ፣ ማታ ደግሞ ጭራሽ።

እሳት! ከጥር እስከ መጋቢት ሁሉም ነገር ደረቅ ነው፣ አስታው እንደ ክብሪት ነው የሚያያዘው። ሲጋራ ከመስኮት አትጣሉ፣ ካምፕ ካደረጋችሁም በተፈቀደው ቦታ ብቻ አንድዱ፣ በውሃ አጥፍታችሁ አመዱን በእጃችሁ ዳስሳችሁ ነው መነሳት።

በቀኑ መመለስ ካሰባችሁ ከሰዓት 8 ላይ ወደ ላይ ዙሩ፣ ሳነቲን በብርሃን ለማቋረጥ። በማታ ማቋረጥ የለባችሁም፣ ጎማ ቢፈነዳ በዛ ብርድ ለመቀየር የምትታገሉት ለቀበሮውም ለናንተም ጥሩ አይደለም።

ከሰዎቹ ጋር

የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። አማርኛ በከተሞቹ ይሰራል፣ ገጠር ላይ ግን ጥቂት ቃል ማወቅ ብዙ ይጠቅማል። ጠዋት "አካም ቡልተን"፣ ለማመስገን "ገለቶማ"፣ ውሃ "ቢሻን"፣ ዋጋ ለመጠየቅ "ሜቃ"። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ሴቶችንና ሽማግሌዎችን በተለይ። ለህፃናት ከመኪና መስኮት ብርና ከረሜላ አትወርውሩ፣ ልጆች መኪና ሲያዩ ወደ አስፋልት የሚሮጡት በዚህ ምክንያት ነው። መስጠት ከፈለጋችሁ ደብተርና እስክሪብቶ ለትምህርት ቤት አድርሱ።

9. ተጨማሪ ቀን ካላችሁ፦ ሶፍ ዑመር

ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ዌብ ወንዝ ውስጡን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ጎብኚ የሚያየው ትንሹን ክፍል ነው። ደጋ አይደለም፣ ሙቀት ነው፣ ወፍራሙን ልብስ ሻንጣ ውስጥ አስገቡ፣ አጎበር ወይም የትንኝ ቅባት ያዙ።

እዚህ ትልቁ አደጋ ውሃው ነው። ዋሻው ጋ ሰማዩ ንፁህ ሆኖ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፣ ምክንያቱም ውሃው የሚመጣው ከላይ ከባሌ ተራራ ነው። ስለዚ ማታውን ሮቤና ዲንሾ ዘንቦ ከነበረ አትግቡ። ደርሳችሁም ውሃው ደፍርሶ ካያችሁት፣ አስጎብኚው "ችግር የለም" ቢልም ከዋሻው አፍ ላይ አይታችሁ ተመለሱ።

ደረቅ ከሆነ፦ ከመንደሩ አስጎብኚ ያዙ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ባትሪ (የስልክ መብራት አይበቃም) ከነትርፍ ድንጋዩ፣ መርጠብ የሚችል ጫማ፣ ቅያሪ ልብስ መኪና ውስጥ፣ ስልክ በፌስታል ተጠቅልሎ። ወንዙን ደጋግማችሁ ትሻገራላችሁ፣ ዋና የማይችል ሰው በመሀል ይሁን። ቦታው ለሙስሊሞች ቅዱስ ስፍራ ነው፣ አለባበሳችሁ የተሸፈነ ይሁን፣ ዋሻ ውስጥ አትጩሁ፣ ግድግዳ ላይ ስም አትፃፉ፣ ዚያራ (መንፈሳዊ ጉብኝት) ላይ ያሉ ሰዎች ካሉ ቅድሚያ ስጧቸው።

ከሶፍ ዑመር በቀጥታ አዲስ አበባ እገባለሁ ብላችሁ አትነሱ። ሮቤ ተመልሳችሁ እደሩና በማግስቱ 11 ሰዓት ውጡ። በዲንሾ ስታልፉ ጋይሳይ ላይ እንደገና ቀስ በሉ፣ በጠዋት አጋዘኖቹ በብዛት የሚወጡት በዛ ሰዓት ነው፣ መንገድም ያቋርጣሉ።